ቁጥሩ ከየት መጣ? ስለ ተመን ሉህና ስለ መሐንዲስ ኃላፊነት



በዛሬው ገለጻዬ ሁለት ጉዳዮችን አያይዤ አቀርባለሁ። አንደኛው መሐንዲስ ከተመረቀ በኋላ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ይህ ሥራ የሚከናወንበት፣ ስፕሬድሺት ወይም የተመን ሉህ የምንለው መሣሪያ ነው።

ብዙዎቻችሁ የትኛውን የትምህርት ክፍል እንደምትመርጡ እያሰባችሁ ነው። ሲቪል ምህንድስናን የመረጠ የኮንክሪትና የብረት መጠን ያወጣል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ያዘጋጃል። ኤሌክትሪካልን የመረጠ የአንድን ሕንፃ የኃይል ፍላጎት ይደምራል። ሜካኒካልን የመረጠ የማሽኖችን የጥገና ጊዜና የመለዋወጫ ወጪ ይከታተላል፤ ኬሚካልን የመረጠ ወደ ፋብሪካ የገባውን ቁስ ከወጣው ጋር ያመዛዝናል። መንገዱ ቢለያይም ሁሉም ከረድፍና ከዓምድ ጋር መዋላቸው አይቀርም።

ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የግል ኮምፒዩተር ተመን ሉህ ለገበያ ያቀረቡት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በወረቀት ሰንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ከተለወጠ ከእርሱ የሚነሡትን ሁሉ በእጅ እንደገና ማስላት ግድ ነበር። ተመን ሉህ ይህን ድካም አስቀረ። ነገር ግን ውጤቱን ከፊት አስቀምጦ ቀመሩን ከኋላ ይሸፍናል። ስለዚህ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ሉሁ ራሱ እንዲመልስ አድርጎ ማዘጋጀት የሠሪው ግዴታ ነው። ሦስት ምሳሌዎችን ልስጥ።

የመጀመሪያው መለኪያን ይመለከታል። በተለምዶ ፌሮ የምንለው የአርማታ ብረት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎግራም የሚገኘው ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ባለ 12 ሚሊሜትር ብረት 144 ሲካፈል ለ162፣ ማለትም 0.889 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። 162 የመጣው ከብረት እፍጋት፣ ከ7850 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው፤ የሚያገለግለውም ዲያሜትሩ በሚሊሜትር ሲገባ ብቻ ነው። አንድ ሰው በሴንቲሜትር አስቦ 1.2 ብሎ ቢያስገባ ውጤቱ በ100 እጥፍ ያንሳል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አይናገርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየዓምዱ ራስጌ መለኪያውን ጻፉ፤ እንደ 162 ያለውንም ቁጥር በቀመር ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ስምና ምንጭ ሰጥታችሁ በራሱ ሕዋስ አስቀምጡት።

ሁለተኛው ቀመር መቅዳትን ይመለከታል። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በሕዋስ ቢ1፣ የዕቃዎቹ ዋጋ ደግሞ በዲ ዓምድ ከረድፍ 4 ጀምሮ ተቀምጧል እንበል። በረድፍ 4 ላይ «ዲ4 ሲባዛ በቢ1» ብላችሁ ወደ ታች ብትቀዱት፣ በሚቀጥለው ረድፍ ቢ1 ወደ ቢ2 ይለወጣል። ቢ2 ባዶ ከሆነ እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ የ1,000,000 ብር ዕቃ ሊኖረው የሚገባው 150,000 ብር ታክስም ዜሮ ይሆናል። በፊደሉና በቁጥሩ ፊት የዶላር ምልክት ብታስገቡ አድራሻው ከቦታው አይነቃነቅም።

ሦስተኛው ለእኛ አገር የተለየ ነው፤ ቀንን ይመለከታል። ኤክሴል ቀንን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይተረጉማል፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተዋቀረም ወርን ከቀን ያስቀድማል። ሥራ የተጀመረበትን መስከረም 1 ቀን 2016 «1/1/2016»፣ የተጠናቀቀበትን ጥቅምት 5 ደግሞ «5/2/2016» ብለን ብናስገባ፣ በመካከላቸው ያለው ትክክለኛ ልዩነት 34 ቀን ሲሆን ኮምፒዩተሩ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሜይ 2 ቆጥሮ 122 ይላል። ጳጉሜን 5 እንኳ «5/13/2016» ተብሎ ሲጻፍ ሜይ 13 ሆኖ ያልፋል። የመዘግየት ቅጣት የሚሰላው በቀን ነውና ጉዳቱን መገመት አያዳግትም። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለዩ። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ከሆነ የወሮቹን ልዩነት በ30 አባዝቶ የቀኖቹን ልዩነት መደመር ይበቃል።

በእነዚህ ሦስቱም ኮምፒዩተሩ የስሕተት ምልክት አያሳይም። ስሕተቱን የሚያገኘው ሌላ ሰው ሲፈትሽ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ታዋቂዎቹ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት ያሳተሙት ጥናት በብዙ አገሮች የፖሊሲ ክርክር ውስጥ ተጠቅሶ ነበር። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ለክፍል ሥራ ውጤቱን መድገም አቃተው፤ ሉሁን ጠይቆ ሲመረምር የአማካዩ ቀመር አምስት አገሮችን አስቀርቶ አገኘ። እርሱና መምህራኑ ከሌሎች የአሠራር ጥያቄዎች ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ልብ በሉ፤ ይህ ሊሆን የቻለው ምሁራኑ ሉሁን ስለሰጡትም ነው።

በግንባታ ሥራም የተቋራጩ የክፍያ ጥያቄ ወደ አማካሪው መሐንዲስ፣ ከዚያም ወደ አሠሪው ይሄዳል። በሉሁ መጨረሻ ባለው ድምር ላይ የሕዝብ ገንዘብና የሠራተኞች ደመወዝ ተንጠልጥሏል። ፈርማችሁ ስትሰጡ «ኮምፒዩተሩ ያወጣው ነው» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው የቤት ሥራችሁ ጀምሮ ግብዓትን፣ ስሌትንና ውጤትን ለያይታችሁ አስቀምጡ። ከየሉሁ ቢያንስ አንድ ረድፍ በእጃችሁ አስሉ። ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ያለ ምንም ማብራሪያ ለጓደኛችሁ ስጡት፤ እርሱ ያልገባው ሕዋስ ካለ ሥራው ገና አላለቀም።