የእህል በረንዳ ዋጋና የዝናብ ካርታ

በመርካቶ እህል በረንዳ የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ የሚቆረጠው በነጋዴውና በደላላው ስምምነት ነው። ከጎጃም፣ ከሸዋና ከአርሲ የሚገባው ጭነት ሲቀንስ ዋጋው ስለሚንር፣ ገበያውን እንደ ረሀብ ምልክት መመልከት የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል የወሎ ረሀብ አሳይቷል። በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ በሚያልቅበት ጊዜ በደሴ የእህል ዋጋ እምብዛም አለመናሩን፣ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። ይኸውም ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ከእህሉ ጋር የመግዛት አቅሙንም ስለሚያጣ ነው። ገዥ በሌለበት ዋጋ አይንርም። ገበያ የሚሰማው ገንዘብ የያዘውን ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዋጋው ጎን ዝናቡን ማየት ግድ ይሆናል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ግን በአብዛኛው የሚገኙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ሲሆን፣ በድርቅ የሚጎዳው ቆላ ብዙውን ጊዜ ከመንገድ የራቀ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በ2000ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካው ኮሎምቢያና ከእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዷል። ሳተላይቱ ዝናብን በቀጥታ አይለካም፤ የደመናው አናት ለምን ያህል ጊዜ እጅግ ቀዝቅዞ እንደቆየ ይመዘግባል። ከዚህ የተገኘው ግምት በጣቢያዎቹ ልኬት ይታረማል። በዚህም መሠረት 30 ዓመት ገደማ የሚሸፍን፣ በየ10 ቀኑ የተከፈለ መዝገብ ተዘጋጅቶ፣ ከእርሱ የወጡት ካርታዎች በኢንተርኔት ለሕዝብ ቀርበዋል። የየጣቢያው ጥሬ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ እጅ ቢቆይም፣ ለወረዳ ውሳኔ ካርታው ይበቃል። የኢንተርኔት መስመር በማይደርስበት ወረዳ ግን ካርታው ታትሞና የአማርኛ ማብራሪያ ተጨምሮበት ካልተላከ፣ ተከፈተ ማለት ያስቸግራል።

አንባቢው ጠቅላላውን የዝናብ መጠን ብቻ አይቶ መደምደም የለበትም። ዘግይቶ ጀምሮ በጥቂት ቀናት የወረደ ዝናብ በድምሩ መደበኛ ሊመስል ይችላል፤ ሰብል ግን አያደርስም። የዝናቡ አጀማመርና በመካከል ያለው የደረቅ ቀናት ርዝማኔ፣ በወሎ ደጋም በልጉ፣ ለየብቻ ሊታዩ ይገባል። ካርታው ድርቀት እያሳየ እህል በረንዳ ዝም ካለ፣ በዚያው ወረዳ ገበያ አንድ በግ ወይም አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ በየሳምንቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።