ተውሳከ ግሥ ከመስተፃምር ጋር (እንግሊዝኛ)

በእንግሊዝኛ ሰዋስው እንደ «ኢቭን» እና «ኦንሊ» ያሉ ተውሳከ ግሦች ከመስተፃምር ፊት እየገቡ የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም ይለውጣሉ። ለምሳሌ «ኢፍ» ከሚለው መስተፃምር ጋር፦

* «አይ ዊል ጎ ኢፍ ሂ ካምስ» – ከመጣ እሄዳለሁ።
* «ኦንሊ ኢፍ» ሲሆን – የምሄደው ከመጣ ብቻ ነው፤ ካልመጣ ጉዞው ይቀራል።
* «ኢቭን ኢፍ» ሲሆን – ቢመጣም እሄዳለሁ፤ መምጣቱ ጉዞውን አያስቀርም።

ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «ኢፍ ኦንሊ» ከተባለ ምኞት ይሆናል፦ ምነው በመጣ!

«ኢቭን ኢፍ» በአብዛኛው ገና ላልታወቀ ነገር ሲነገር፣ «ኢቭን ዞው» ግን በእርግጥ ለሆነ ነገር ነው። በአማርኛ «ቢመጣም» ለሁለቱም ያገለግላል፦ «ቢመጣም እሄዳለሁ»፣ «ቢመጣም ሄድኩ»። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኢቭን ኢፍ»፣ በሁለተኛው «ኢቭን ዞው» ይገባል።