እግር ቆሞ ሲለካ

ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ ሲጫንና ሲወርድ ይውላል፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ የእህል ጆንያ። ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ እግሩ የታጠፈበት ጫኝና አውራጅ መጀመሪያ የሚሰማው «ወለምታ ነው፣ ታሽቶ ይድናል» የሚለውን ነው። ወጌሻ ያሸዋል። እብጠቱ አልጎድል ሲል ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ይነሳል፤ «አጥንትህ ደህና ነው» ይባላል። ከወር በኋላም ያነክሳል።

ራጁ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መልሷል። ሰውየው የተነሳው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ እግሩ ምንም ሳይሸከም ነው። የቃሊቲ ሾፌር ባሌስትራ የሚፈትሸው መኪናው ተጭኖ ሲቆም ነው፤ የእግር ነገርም እንዲሁ ነው።

በአንድ እግር 26 አጥንቶች አሉ፤ አስረው የያዟቸው ጅማቶች ደግሞ በራጅ አይታዩም። ጅማት ተበጥሶም ሸክም እስከሌለ ድረስ አጥንቶቹ ቦታቸውን ሊይዙ ይችላሉ። ሰውየው ሲቆም ግን ክፍተቱ ይገለጣል። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ በናፖሊዮን ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በዣክ ሊስፍራንክ ስም የሚጠራው የመሐል እግር ጉዳት ነው። ራጁን የሚያነበው ሐኪም ከሁለተኛው ጣት ኋላ ያለው ረጅም አጥንት (ሁለተኛው ሜታታርሳል) የውስጥ ጠርዝ፣ ከኋላው ካለው መካከለኛው ኩኒፎርም ከሚባለው አጥንት ጠርዝ ጋር በአንድ መስመር መግጠሙን ያያል። 2 ሚሊ ሜትር ካፈነገጠ ያስጠረጥራል። ከአምስት እንዲህ ያሉ ጉዳቶች አንዱ ያህል በመጀመሪያ ምርመራ እንደሚታለፍ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲጠቀስ የኖረ ነው፤ የሚታለፈውም በአብዛኛው ተጋድመው በተነሱት ፊልሞች ላይ ነው።

ለጠፍጣፋ እግር ደግሞ ልኬቱ በዲግሪ ነው። ከጎን በተነሳው ፊልም ላይ አንድ መስመር ከቁርጭምጭሚት ሥር ባለው በታለስ አጥንት መሐል፣ ሌላው በአውራ ጣቱ ሜታታርሳል መሐል ይሰመራል። በጤነኛ እግር ሁለቱ ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፤ ከ4 ዲግሪ በላይ ወደ ታች ከተሰበሩ ቅስቱ ወድቋል ማለት ነው፤ ከ30 ካለፉ ጉዳዩ ከባድ ነው። ተረከዙ ከወለሉ ጋር የሚሠራው አንግል በጤነኛ እግር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ቁጥር ግን ሰውየው ካልቆመ ዋጋ የለውም፤ ተጋድሞ የተነሳ ጠፍጣፋ እግር ደህና ቅስት ያለው ሊመስል ይችላል።

ተረከዝ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን ከኋላ ለማየት ሳልትዝማንና ኤል ኩሪ የተባሉ ሐኪሞች በ1995 እ.ኤ.አ. የራጅ ፊልሙን የያዘውን ካሴት 20 ዲግሪ አዘንብለው የሚነሳ ራጅ አስተዋውቀዋል። ሥራው የተሠራው በአሜሪካ አዮዋ ነው።

ወጪውስ? አዲስ ማሽን አያስፈልግም። የብዙ ማሽኖች ራስ እስከ ወለል ስለማይወርድ የሚያስፈልገው ሰው የሚቆምበት ጠንካራ የእንጨት ሣጥን፣ መሐሉ ላይ ካሴት የሚገባበት ስንጥቅ፣ ታካሚው የሚደገፍበት መያዣ ነው። ሣጥኑን የሠፈር አናጢ ይሠራዋል። የሚከብደው ልማዱ ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ማጋደም ይፈጥናል፣ የሚያመውን ሰው ማቆምም ያሳሳል።

አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለው ትልቅ ሆስፒታል በቻይና ድጋፍ የተሠራ ሲሆን ስሙ ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀችው የጥሩነሽ ዲባባ መታሰቢያ። የሯጭ ስም የያዘ ሆስፒታል ባለበት ክፍለ ከተማ በእግሩ ለሚያድር ሰው እግር እንዲህ መጨነቅ የሚበዛ አይመስለኝም።

ገና የተሰበረ ወይም ጨርሶ መርገጥ የማይችል ሰው አይገደድም። እግሩ ይታሰርና ሕመሙ ሲበርድ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ተመልሶ ቆሞ ይነሳል። ሌላው ግን መጀመሪያውኑ ጫማውን አውልቆ በሁለት እግሩ ይቁም፤ ደህናው እግር ለማወዳደሪያ ይጠቅማልና። ለዚህ የሐኪሙ የራጅ ማዘዣ ወረቀት ላይ ሦስት ቃል ይበቃል፦ «ቆሞ፣ ሁለቱም እግር»።