ከነቀምቴ ባሕር ዳር በአየር

ኪራሙ ከምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ዓባይን ሲሻገሩ ጎጃም ነው። የራሱ አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። ወደ ደቡብ ነቀምቴ፣ ወደ ሰሜን ባሕር ዳር አሉለት። ሁለቱን ማረፊያዎች በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ብናገናኛቸው ርቀቱ 290 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፤ መስመሩም ከኪራሙ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል።

መንገደኛው ግን በዚያ መስመር አይሄድም። የአገር ውስጥ በረራ መናኸሪያው ቦሌ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል፤ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመለሳል። ድምሩ 570 ነው፤ የቀጥታው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ቦሌ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰዓት ገና አልተቆጠረም!

በሁለት ማረፊያዎች መካከል ያለ ርቀት የሚሰላው ከኬክሮስና ከኬንትሮሳቸው ተነሥቶ፣ በምድር ክብ ገጽ ላይ ባለው አጭር መንገድ ነው። አውሮፕላን ይህን መንገድ ሳያዛንፍ አይበርም። የቦሌ ማኮብኮቢያ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ የሚነሣው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ከነፈሰ ወደ ነቀምቴ የሚሄደውም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይነሣና አየር ላይ ዞሮ ወደ ወለጋ ያቀናል።

በአገር ውስጥ መስመሮች የሚታወቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይበርራል። በዚህ ሒሳብ ከቦሌ ነቀምቴ 22 ደቂቃ ነው። በ22 ደቂቃ የሚደርስ ግን የለም። ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው መሀል ላይ ብቻ ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም ቀስ ይላል። በዚያ ላይ ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው፤ ማኮብኮቡና ተራ መጠበቁ ሁሉ ውስጡ አለ። ስለዚህ አጭር በረራ ሁልጊዜ ከርቀቱ በላይ ጊዜ ይፈጃል፤ የርቀት ማስያዎች የሚሰጡትን ደቂቃ እንዳለ ማመን አይገባም።

በመኪና በአምቦና በባኮ አድርጎ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በረራው የሚያሳጥረው ርቀት 90 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም የሚያተርፈው ጊዜ ብዙ ነው። ለኪራሙ ሰው ግን አድካሚው በረራው ሳይሆን ነቀምቴ ማረፊያ ድረስ ያለው የመኪና መንገድ ነው፤ ክረምት ሲበረታ ወይም ጸጥታው ሲደፈርስ ደግሞ ጭራሽ አይታመንም።

ትኬት የያዘ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የተጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 13:20 የሚል ካዩ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ማለት ነውና ስድስት ሰዓት ቀንሰው ያንብቡ።