ዐቃቤ ሰዓት የሌለው ቤት

ውድ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች፣ «ስታርትአፕ ልግባ ወይስ የመንግሥት ሥራ ይሻለኛል?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ በአዲስ አበባ በአንድ ትንሽ የክፍያ ቴክኖሎጂ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቼ ያየሁትን፣ በጎውንም ክፉውንም ሳልሸሽግ፣ ልነግራችሁ ወደድሁ።

ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶችም የዲጂታል ክፍያን ሥራ በመመሪያ ከፈቀደ ወዲህ ከተቋቋሙት አንዱ ያ ቤት ነበረ። ስምንት ብቻ ስለ ነበርን፣ ጠዋት ኮድ የጻፍሁት እኔው ከሰዓት በኋላ የነጋዴውን አቤቱታ በስልክ እሰማለሁ፣ ሲመሽም ከባንኩ ጋር ሒሳብ አስታርቃለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ወር በእጄ የሠራሁት ነገር በአንድ የመርካቶ ባለሱቅ ስልክ ላይ ገንዘብ ሲቀበል ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ሐሴት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በትልቅ መሥሪያ ቤት ቢሆን ያን ለማየት ዓመታት በፈጀብኝ ነበር።

ነገር ግን የችኮላው ምንጭ ትጋት ብቻ አይደለም። ባለሀብቱ የሰጠው ገንዘብ ለተቆጠሩ ወራት ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ ወራቱ ሳያልቁ የተጠቃሚውን ቁጥር አብዝቶ ሌላ ባለሀብት ማግኘት የግድ ይሆናል፤ የጎደለውም ጊዜ የሚሞላው ከሠራተኛው ሌሊት ነው። ለዕረፍት ሐይቅ መጥቼ፣ በከተራ ሌሊት ካህናቱ በታቦቱ ድንኳን ፊት ማኅሌት ቆመው ሳሉ፣ እኔ የተቋረጠ ክፍያ ለመጠገን ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ለዳገት እንከራተት ነበር፤ እናቴም ተከትላኝ መጥታ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ጋቢዋን አልብሳኝ ተመለሰች። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የተማርሁት አዲስ ነገር እምብዛም የለም፤ ድካሙ ግን እጥፍ ሆነ።

የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንበር ወራሽ የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ለብዙ ዘመን «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር። ይህን ማዕረግ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ የቃሉ ክብደት የገባኝ ሰዓቴን የሚጠብቅልኝ በሌለበት ቤት ነው። ሕግ ግን አልተወንም ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱም በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው ትርፍ ሥራም የሰዓቱ ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። እኔ ይህን ያነበብሁት ከለቀቅሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ግቡ እላችኋለሁ፤ ነገር ግን የሥራ ሰዓታችሁና ሌሊት የሚተካችሁ ሰው በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፣ በቃል የሚሰጣችሁንም የአክሲዮን ተስፋ እንደ ደመወዝ አትቁጠሩት። ውል የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ሳትፈርሙ ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።