ሲወጣ የሚሸት፣ ሲወርድ የሚሸት

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ሩዝ ይጭናል፤ ከደብረ ታቦር የሚወርደው ደግሞ ድንች። ፎገራ የሩዝ አገር ነው፣ የጉና ግርጌ የድንችና የገብስ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ከፍታው ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 ይደርሳል። እዚህ መንገድ ላይ የመቃጠል ሽታ አፍንጫ ውስጥ ከገባ፣ ጥሩ መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ስትወጣ ነው የሸተተህ ወይስ ስትወርድ?»

ሲወጣ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራል፣ ሲወርድ ከሆነ ፍሬኑን።

ፍሪሲዮንን ብዙ ሰው በስሙ እንጂ በመልኩ አያውቀውም፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተዘግቶበት ይኖራል። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፣ መፋተግ ማለት ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ሰሃን የሚያህል፣ በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰ ክብ ብረት ነው። በአንድ ወገን ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ቮላኖ፣ በሌላው ወገን ሞላ የሚገፋው ብረት ጨምቀው ይይዙታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ይለቁታል፣ እግር ሲነሳ መልሰው ይይዙታል። መዘዙ ያለው መሀል ላይ ነው። ፔዳሉ በግማሽ ተረግጦ ሲቆይ ሸራው ሳይያዝም ሳይለቀቅም ይፋተጋል፤ ያያያዘው ሙጫ ይግላል፤ የተቃጠለ ወረቀት ወይም የተለበለበ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ይመጣል።

ደጋው ይህን ያባብሰዋል። ደብረ ታቦር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይጎድላል። ሾፌሩ ታዲያ ጉድለቱን በእግሩ ሊሞላ ይሞክራል። ዳገት ላይ ከፊቱ የተጫነ አይሱዙ ይቆምበታል፤ የእጅ ፍሬን እንደ መሳብ መኪናዋን በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥሎ ይይዛታል። ለአፍታ ነው፣ ግን የአንድ ወር ዕድሜ የሚበላ አፍታ ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፎር ዊል ያላት መኪና ከባዱን ማርሽ ይዛ በቀስታ ብትወጣ ፍሪሲዮኑ ይተርፋል፤ በጉልበት ልውጣ ስትል ግን ያልቃል።

ሽታው እንደጀመረ ሜዳ ፈልጎ መቆም፣ ማርሹን ፎሌ ማድረግ፣ እግርን ከፔዳሉ ማንሳት፣ ግማሽ ሰዓት ማብረድ። ቶሎ ከተደረሰበት ሸራው ያገግማል።

ቁልቁለቱ ሌላ ታሪክ ነው። ከነድንቹ 3 ቶን የምትመዝን ፒክአፕ 900 ሜትር ስትወርድ የምታመነጨው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 80 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል፤ የቀረው ፍሬን ላይ ያርፋል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት የፈጀው በዚሁ ደጋ ነው፤ የዚያን ጊዜ ሞተሩም ፍሬኑም የሰው ጉልበት ነበር። ዛሬ ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ካስገባ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዝለታል። ፍሬን ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ግን ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም።

ቆም ብሎ አራቱን ጎማ መዞር ብዙ ይነግራል። የእጅን ጀርባ ወደ ቸርኬው ማስጠጋት ይበቃል፤ መንካት አያስፈልግም። አራቱም ከጋሉ ነገሩ የአነዳድ ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ያ ፍሬን ይዞ አልለቅ ብሏል፦ ጭቃ ገብቶ ፒስተኑ ተጣብቋል፣ ወይም የእጅ ፍሬኑ ገመድ አልተመለሰም። ውኃ መድፋት ግን አይገባም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ሌሎቹን ሽታዎች መለየት ብዙ አያስቸግርም። ጣፋጭ ሽታ የራዲያተር ኩላንት ነው። የጎማ ሽታ ቺንጊያ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ኮፈኑ ሲከፈት በዓይን ይታያል። የፕላስቲክ ሽታ አንዳንዴ ከሥር የተጣበቀ ፌስታል ብቻ ነው፤ ከዳሽቦርዱ በኩል ከመጣ ግን የኤሌክትሪክ ገመድ ነውና ሞተር አጥፍቶ የባትሪውን ራስ መንቀል አይዘገይም። አንዱን ግን ሳልናገር አላልፍም፦ አውድማ ውስጥ የገባች መኪና ከሥሯ ገለባ ሰብስባ ትወጣለች። ደረቅ ገለባ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። ጎንበስ ብሎ ማራገፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ሩዝ ጫኟ እንመለስ። ቀዝቅዛም ከሸተተች፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ፣ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ስቦ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን በዝግታ መልቀቅ ነው። ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ካልጠፋ ሸራው አልቋል፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ከወረደ አይቀር ዲስኩ፣ ሞላ ያለበት ብረትና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ቮላኖው ከተቃጠለ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጭ። ሸራው ዘይት ጠጥቶ ከተገኘ መጀመሪያ የሚያፈሰው ይደፈን፤ አለበለዚያ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። ብናኙ በኮምፕረሰር አይነፋ፤ የቆዩ ሸራዎች ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

አዲሱ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በትንሹ ይሸታል። ከቮላኖው ጋር እየተላመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ግን ያለ ሩዝ።