የኋላ ጎማው ተንጋዷል ወይስ ዓይናችን ተታሏል?

ከጅማ ተነሥቶ በስተደቡብ ወደ ደዶ በሚያቀናው መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ብርቅ ነገር አይደለም። የደዶ ወረዳ ከደጋማ ኮረብቶቹ ተነሥቶ እስከ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ድረስ የሚወርድ በመሆኑ፣ አቀበትና ቁልቁለቱን ሰውም ቡናም በሁለት ጎማ ይወጡታል፤ ይወርዱታል። በእነዚህ መንገዶች የለመድናቸው ቀላል ሞተር ብስክሌቶች የኋላ ጎማቸውን የሚያሽከረክሩት በሰንሰለት ነው። ከኋላቸው ቆመን ስንመለከታቸው ጎማው በሁለት ክንዶች መካከል ተይዞ፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ መስሎ ይታየናል።

ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ከባድ ሞተር ብስክሌቶች ግን ሌላ መልክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬጎርና ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ተነሥተው፣ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያንና ኬንያን አቋርጠው እስከ ኬፕታውን የዘለቁት በቢኤምደብሊው 1200 ጂኤስ ነበር። ይህን ሞተር ብስክሌት ከኋላ ያየ ሰው ግር ይለዋል። በስተቀኝ ወፍራም ክንድና ትልቅ የብረት እንክብል አለ፤ በስተግራ ጎማውን የሚይዝ ምንም ነገር የለም። ጎማው ከመሃል ወጥቶ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ይመስላል። ለመሆኑ ይህ የአሠራር ጉድለት ነውን?

ሁለት አካላት በአንድ ቦታ አይቀመጡም

የዚህ ሞተር ብስክሌት ኃይል ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በሰንሰለት ሳይሆን በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1923 ያወጣው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌቱም ባለ ዘንግ ነበር።

በአይሱዙ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ያለውን ዘንግ እናስታውስ። ከካምቢዮው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይዘልቅና በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ከተቀመጠው ዲፈረንሻል ጋር ይገናኛል። መኪናው በመሃል ባዶ ቦታ ስላለው ዘንጉ በዚያ ያልፋል። ሞተር ብስክሌት ግን የኋላ ጎማው አንድ ብቻ ነው፤ ያም አንድ ጎማ መሃሉን ይዞታል። ስለዚህ ዘንጉ ያለው አማራጭ በጎን ማለፍ ነው። ከጎማው እምብርት አጠገብ ሲደርስም ትንሽ ሾጣጣ ማርሽ ከትልቅ ማርሽ ጋር ተቆላልፎ የዘንጉን ዙረት በ90 ዲግሪ ያዞረዋል። ያ ትልቅ የብረት እንክብል የእነዚህ ማርሾችና የዘይታቸው ቤት ነው።

ሰንሰለትም በአንድ ጎን እንደሚያልፍ አንዘንጋ። ልዩነቱ ሰንሰለት ቀጭን መሆኑና ዓይናችን የለመደው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ክንድ ወዴት ሄደ?

ዘንጉን የሚሸፍነው ቱቦ ወፍራምና ጠንካራ መሆን አለበት። መሐንዲሶቹም፣ ይህ ቱቦ ጥንካሬው ከተጨመረለት ጎማውን ብቻውን ሊሸከም አይችልምን ብለው ጠየቁ። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 ባለ አንድ ክንዱን ሞዴል አቀረበ። አንዱ ክንድ የመጠምዘዝን ኃይል ለብቻው እንዲቋቋም ወፍሮ ይሠራል፤ በምትኩ ጎማው እንደ መኪና ጎማ ብሎኖቹ ብቻ ተፈትተው በጎን ይወጣል። ገጠር መንገድ ላይ ጎማ ለተነፈሰበት ተጓዥ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዘንጉ በየትኛው ጎን ይለፍ የሚለው የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው። የ1200 ጂኤስ ዘንግ እስከ 2012 ሞዴል ድረስ በስተቀኝ ነበር፤ በ2013ቱ ሞዴል ወደ ግራ ተዛውሯል፤ ማርሚታውም በተቃራኒው ከግራ ወደ ቀኝ ዞሯል። በሁሉም ግን የኋላ ጎማው የፊተኛውን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። የተንጋደደው መልኩ እንጂ ጎማው አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተባለ ደዶ ላይ ስለምን ሰንሰለት በረከተ? ዘንግ በቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚሽከረከር ጭቃና አቧራ አይነካውም፤ ነገር ግን ከባድና ውድ ነው፤ ሾጣጣዎቹ ማርሾችም ጥቂት ኃይል ይበላሉ። ሰንሰለት ዘይትና ክትትል ይሻል፤ ሆኖም ርካሽና ቀላል በመሆኑ ለአነስተኛ ሞተር ይመረጣል።

ሚዛን በቁጥር

መልክ ሌላ፣ ሚዛን ሌላ መሆኑን በስሌት እንይ። ባለ ዘንጉ ሞተር ብስክሌት ከነነጂው 330 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎ ግራሙ ከመሃል መስመር 15 ሴንቲ ሜትር በስተቀኝ ርቆ ይገኛል እንበል። የክብደት ማዕከሉ ከመሃል የሚሸሸው 10 × 15 ÷ 330፣ ማለትም 0.45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማዕከሉ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ሚዛን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ማጋደል 0.4 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በሌላው ጎን የተሰቀለው ማርሚታ ደግሞ ይህንኑም ይቀንሰዋል።

አሁን መልኩ የተመጣጠነውን ባለ ሰንሰለት ሞተር ብስክሌት እንውሰድ። 30 ኪሎ ግራም ቡና በአንድ ጎኑ፣ ከመሃል 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ታስሯል፤ የሞተር ብስክሌቱ፣ የነጂውና የቡናው ጠቅላላ ክብደት 210 ኪሎ ግራም ነው እንበል። 30 × 30 ÷ 210 ሲሰላ 4.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ከፍታ ማጋደሉ 3.5 ዲግሪ ይደርሳል። ዓይን ካስደነገጠን የብረት እንክብል ይልቅ አንድ ወገን የታሰረ ከረጢት አሥር እጥፍ ገደማ ሚዛን ያዛባል። ነጂው በጉዞው ሁሉ ወደ ተቃራኒው ጎን ሊያጋድል ይገደዳል፤ በጭቃማ ቁልቁለት ላይ ሲቆምም ያ ክብደት በአንድ እግሩ ላይ ይወድቃል። ያንኑ ቡና 15 ኪሎ በግራ፣ 15 ኪሎ በቀኝ አድርጎ ቢያስረው ማዛባቱ ዜሮ በሆነ ነበር።

እውነተኛው መንጋደድ

ጎማ በእውነት የሚንጋደድበት አጋጣሚም አለ፤ እርሱም በብዛት የሚገኘው ባለ ሰንሰለቱ ላይ ነው። ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል፤ ለማጥበቅ የጎማው ብሎን ላልቶ ጎማው ወደ ኋላ ይሳባል። ግራና ቀኙ እኩል ካልተሳበ ጎማው ወደ ጎን ያያል። ከኋላ ስናየው ጉድለቱ ላይታወቀን ይችላል፤ ይሁንና ሰንሰለቱና ጥርሶቹ ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ፤ ሁለቱ ጎማዎችም አንድ መስመር አይከተሉም። ባለ ዘንጉ እንዲህ ያለ ማጥበቂያ ስለሌለው ከዚህ ስሕተት ነጻ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ መሪውም ይቅና። በመጀመሪያ በሁለቱም ክንዶች ላይ ያሉት የማጥበቂያ ምልክቶች እኩል መሆናቸው ይታይ። ቀጥሎ ረጅም ሲባጎ የኋላ ጎማውን ጎን ከኋላም ከፊትም ጠርዙ እየነካ እስከ ፊት ጎማ ይወጠር፤ በሌላው ጎንም እንዲሁ። በሲባጎውና በፊት ጎማው መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ከሆነ ጎማዎቹ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ክፍተቱ ከተለያየ ብሎኑን አላልቶ ማስተካከል ይገባል።

ለአንባብያን አንድ ጥያቄ እንተዋለን። በግራ 15 ኪሎ ግራም ከመሃል 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ታስሯል። በቀኝ የሚታሰረው 20 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ከመሃል ስንት ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት?